የወዲያኛው ዓይኗ

መጀመሪያ ያየችው ወለተጻድቅ ናት አሉ። ቦኖ ውሃው ጋ ጀሪካኗን ወረፋ አስይዛ፣ ወገቧን ይዛ ነው የጀመረችው።

«ዘመድ ልጠይቅ ሆለታ ሄጄ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። የሀብተማርያምን ልጅ ሆለታ ግድግዳ ላይ ስለዋታል። ቁጭ ብላለች፣ አበባ ይዛለች፣ የነጠላዋ ጥለት እንኳን አልቀረም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ዓይና አርገዋታል።»

«አንድ ዓይና ስትይ?»

«አንድ ዓይና ነዋ። ሌላኛው የለም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፣ እኔ ምን ላርግ።»

የኮልፌ ወሬ ደሞ በእግሩ አይሄድም፣ ታክሲ ነው የሚይዘው። ጠዋት ቦኖው ጋ «አንድ ዓይና» የተባለው ረፋዱ ላይ ልኳንዳ ቤቱ ጋ «ዓይነ ስውር» ሆነ። ከሰዓት 18 ማዞሪያ ሲደርስ ልጅቷ ራሷ ታማ ዓይኗ ሊፈስ ነው ተብሎ፣ አንዲት ሴትዮ በሃይላንድ ጸበል ይዛላት መጣች። እፀገነት በሩን ከፈተችላት። ሴትዮዋ ግራ ቀኙን ዓይኗን ትክ ብላ አየችና፣ «ተመስገን፣ ደህና ነሽ» ብላ፣ ትንሽ ቅር እንዳላት ተመለሰች።

እፀገነት በሳቅ ሞተች። ነገሩ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጨዋታ መስሏታል። አባቷ አቶ ሀብተማርያም ገብተው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያይዋት ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

«ይሄ ልጅ አንቺን ምን አርጎ ነው የሳለሽ?» አሏት።

እንዲህ ዝግ ብለው የተናገሩት እናቷ የሞተች ቀን ብቻ ነው።

ይሄ ልጅ ያሉት ሞቲን ነው። የቡራዩ ልጅ፣ 18 ማዞሪያ በሁለት ሱቅ መሃል በተጣበቀች ክፍል ታፔላ የሚጽፍ። ለጸጉር ቤቱ መቀስ፣ ለምግብ ቤቱ ዶሮ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ የሚስለው እሱ ነበር። በኋላ በማሽን የሚታተመው ባነር መጣና ሥራውን ገደለበት። ያኔ ነው የሰው ግቢ ግድግዳ መሳል የጀመረው።

የሰፈሩ ሴቶች ደሞ አንድ ልማድ አላቸው። በወር አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳቸውን ይቋጥሩና ሚኒባስ ተከራይተው ሽርሽር ይወጣሉ። አንዳንዴ መናገሻ፣ አንዳንዴ አዲስ ዓለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሆለታ፣ ጋሽ ነገሬ ግቢ። ጋሽ ነገሬ ጡረታ ሲወጡ ጓሯቸውን በሙሉ አበባ አደረጉትና ሻይ ይሸጡበታል። ጽጌረዳው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል። ሴቶቹ እዚያ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ይዘረጋሉ፣ ማን አገባ ማን ፈታ ይባላል፣ ነፍስ ትመለሳለች። ለግቢው የጎደለው ግድግዳው ብቻ ነበር፣ ረጅም፣ ነጭ፣ ልክ እንደ ሆስፒታል። ጋሽ ነገሬ ይሳልልኝ ብለው ሞቲን ቀጠሩት። ሚኒባሱ ወደዚያው ስለሚሄድ ሞቲም ቀለሙን ይዞ አብሮ ይሳፈራል። ቦታ ስለሌለ ዱካ ላይ ነው የሚቀመጠው።

አንዱ እሁድ እፀገነት ከሰው ዞር ብላ፣ ከጋሽ ነገሬ ጄራኒየም አበባ አንድ ቅርንጫፍ ቀጨች። እርጥብ ሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። ቤቷ ውስጥ በዘይት ጣሳ ከተከለችው አበባ ግማሹ እንዲህ የመጣ ነው። ቀና ስትል መሰላል ላይ ሰው አለ፣ ብሩሹን ይዞ ያያታል።

«አትናገር» አለችው።

«እኔ ምስክርነት አልወድም» አላት።

በወሩ ሲመለሱ ግድግዳው ላይ ያው ጄራኒየም ተስሏል፣ አንድ ቅርንጫፉ የተቀጨ። ሴቶቹ አበባውን አደነቁ። ወለተጻድቅም «ይሄን ምነው ሰበርከው፣ አስተካክለው እንጂ» አለችው። እሱ «እሺ እትዬ» አለ፣ አላስተካከለውም። እፀገነት ጆሮዋ ጋለ። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቆማ ቀረች እየተባለች፣ የአባቷን ልብስ ስትተኩስና የአባቷን መድኃኒት ሰዓት ስትጠብቅ የኖረች ናት። ሰው እሷን ብቻ ብሎ ነገር ሲሠራላት የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ወዲያ አስራ አንድ እሁድ አብረው ሄዱ። መስኮቱ ጋ እፀገነት፣ መሃል ጓደኛዋ ሳምሪ፣ ከሳምሪ ቀጥሎ እሱ ዱካው ላይ። ከኋላ ያ ሁሉ ሴትዮ። እፀገነት ወደ እሱ ዞር ልትል ስትል ከኋላ የወለተጻድቅ ጉሮሮ «እህህ» ይላል። ስለዚህ አትዞርም፣ የአስኮን ሱቆች፣ የቡራዩን ባህር ዛፍ እያየች ትሄዳለች። ስትመለስም ያው መስኮት፣ ያው ወንበር። ግቢው ውስጥም በሴቶቹ ፊት ወደ መሰላሉ ቀና አትልም። 18 ማዞሪያ ሱቁ ፊት ስታልፍም የአባቷ ሰው አይጠፋምና ዞር አትልም። ስልክማ አላቸው፣ ይጻጻፋሉ። ግን በስልክ የሚያወሩት ሰው ፊት የለውም። ፎቶ ላኪልኝ ሲላትም አትልክም፣ ፎቶ ሲነሷት ሁልጊዜ ዓይኗ ይጨፈናል፣ ታፍራለች።

ሞቲ ላግባሽ ሲላት አባትየውን ያግባባችው ሳምሪ ናት። አስተማሪ ናት ሳምሪ፣ ምላሷ ደሞ ምላጭ። ስድስት ወር ፈጀባት። «ጴንጤ ነው» አሉ አቶ ሀብተማርያም። «ታፔላ ጸሐፊ ነው» አሉ። «ቡራዩ ማን ያውቀዋል» አሉ። በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አሉ፦ «በሉ ሥራውን ይጨርስና ሽማግሌ ይላክ። ቤቴ የመጣን ሰው ቆሞ እንዲሄድ አላደርግም።»

እፀገነት ያን ቀን ጓዳ ገብታ፣ አፏን በመቀነቷ ይዛ፣ ብቻዋን ሳቀች።

ወሬው የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። በቀጣዩ የሽርሽር እሁድ አቶ ሀብተማርያም «እኔም እሄዳለሁ» አሉና ጋቢና ተቀመጡ። ሞቲ ማለዳ ቀድሞ ሄዷል፣ መጨረሻውን ሊያሳምር።

ግድግዳው እውነትም ያምር ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጽጌረዳ፣ በጽጌረዳው መሃል ጫማቸውን ያወለቁ ሴቶች፣ አንዷ ሙዝ ስትልጥ፣ አንዷ በሌላዋ ጆሮ ስታንሾካሹክ። ሁሉም ከሩቅ ናቸው፣ ትንንሽ። አንዷ ብቻ ከፊት ለፊት ትልቅ ሆና ተቀምጣለች። ወደ መስኮት እንደሚያይ ሰው ፊቷን መልሳ፣ አፍንጫዋ፣ ከንፈሯ፣ የአንገቷ ዘንበል ማለት፣ ሁሉም እሷው። ዓይኗ አንድ ነው።

አቶ ሀብተማርያም ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ ቆሙ።

«አባባ፣ እንኳን መጡ» አለ ሞቲ፣ ቀለም የነካው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

«ይህቺ ማናት?»

«እፀገነት ናት።»

«ሌላኛው ዓይኗስ?»

ሞቲ ግራ ገባው። የእውነቱን ነው፣ ጥያቄው አልገባውም። «በወዲያ በኩል ነው፣ አባባ» አለ።

ሴቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። በክፋት አልነበረም፣ ግን ሳቁ ሽማግሌው ጀርባ ላይ እንደ አለንጋ ነው ያረፈው።

«እኔ ጎጃም የአጎቴን ቀለም ስበጠብጥ ነው ያደግሁት» አሉ። «አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ጻድቅ ሲሳል ሁለት ዓይን አለው። ሰማዕት ሁለት ዓይን አለው። በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን የሚሰጠው ይሁዳ ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ሰይጣን ነው። አንተ ልጄን ከማን ጋር ነው ያስቀመጥካት?»

«አላውቅም ነበር፣ አባባ። እኛ ጸሎት ቤት ሥዕል የለም፣ ግድግዳው ባዶ ነው። ማንም አልነገረኝም።» ወደ ግድግዳው አመለከተ። «እኔ እንዲህ ስለማያት ነው።»

አይ፣ ባይናገር ይሻል ነበር። «ሰማችሁት?» አሉ አቶ ሀብተማርያም ወደ ሴቶቹ ዞረው። «እንዲህ ነው የማያት አለ።»

ሞቲ ያኔ እፀገነትን አየ። ጠበቃት። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው፣ መስኮት ጋ ስለምቀመጥ ነው አባዬ ብትል ነገሩ ያልቃል። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። ልጅ ሆና አባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ በጣታቸው እያሳዩ «ይሄ ክፉ ነው፣ ዓይኑን አየሽው?» የሚሏት ነገር መጣባት። ያኔ ዓይኗን ጨፍና አባቷ አንገት ውስጥ ትሸጎጥ ነበር። አሁን ደሞ፣ ለአንድ አፍታ፣ የገዛ ፊቷን ፈራችው።

ነጠላዋን ሳበችና ፊቷን ሸፈነች። ያደረገችው ይሄን ብቻ ነው። ስትገልጠው ሞቲ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ከቶ ጀርባውን ሰጥቷል። የጀርባው አቀማመጥ ከማንም ስድብ ይበልጥ አመማት።

ሽማግሌዎቹ ግን ቅዳሜ መጡ፣ ቀጠሮ ተይዟላ። የሞቲ አጎት ጋሽ ደሜና ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ኮታቸውን ለብሰው። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም፣ ተቀመጡ ከተባለ ደሞ ግማሹ ነገር አልቋል ማለት ነው። እፀገነት ጓዳ በር ሥር ቆማ ያቺን አንድ ቃል ትጠብቃለች።

ጋሽ ደሜ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ሰካራም አይደለም አሉ። እናቱን ይጦራል አሉ። ስለ ሥዕሉም፣ ያለማወቅ ስህተት ነው፣ ይቅር ይበሉን ብለው ጎንበስ አሉ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። የቆሙት ሰዎች ጫማ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግር ሲንጫጫ ይሰማል።

«ጴንጤነቱን ለፈጣሪ ትቼው ነበር» አሉ አቶ ሀብተማርያም። «ድህነቱንም ትቼው ነበር። ልጄን በሙሉ ፊቷ የሚያያት ሰው ሲመጣ እንነጋገራለን። መንገዳችሁን ጨርቅ ያርግላችሁ።»

ተቀመጡ ሳይሉ። የግቢው በር ሲዘጋ እፀገነት የጤፍ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ እንኳን ጠፋት።

ከዚያ በኋላ ሞቲ ደወለ። አላነሳችም። ምን ብላ ታንሳው? ደግሞ ደወለ። ስልኩን ትራሷ ሥር ከተተችው። ረቡዕ ዕለት ሳምሪ ደብዳቤ አመጣችላት፣ ከታፔላ ሱቁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የተጻፈ። ፊደሉ ለሱቅ ስም እንደሚጽፈው ቀጥ ያለ ነው።

«እፀዬ፣ አባትሽን አልተቀየምኩም። ሕጉን ባውቅ አላደርገውም ነበር። የሰበረኝ ነጠላሽን ስትስቢ ነው። እሳቸው ናቸው ያላመኑኝ ስል አንቺም ነሽ ለካ። ነገ ሐሙስ ሆለታ ሄጄ ፊትሽን እንደገና እስለዋለሁ፣ በሁለት ዓይን። አባትሽ እንዳፈሩ እንዲቀሩ አልፈልግም። አርብ ነቀምት ሥራ አለኝ፣ እሄዳለሁ። አትሂድ የምትዪኝ ከሆነ ነይ። ፊት ለፊቴ ተቀመጪልኝና ልይሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ገላዋን ታጠበች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። ወጣች። አቶ ሀብተማርያም ግቢው በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ወዴት ነው?»

ሆለታ ልትል ነበር።

«ሱቅ» አለች።

ሱቅ ሄደች። ጨው ገዛች። የጨዉን ፌስታል ይዛ ታክሲ ፌርማታው ጋ ቆመች፣ «አስኮ፣ አስኮ፣ ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ። አንዱ ታክሲ ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ሲመጣ ረዳቱ «እናት፣ ትገቢያለሽ?» አላት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቤት ውስጥ ጨው ሞልቷል። ጨዉን ጨው ላይ ስትገለብጥ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

አርብ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣች። ለምን በዚያ ቀን ድፍረት እንዳገኘች እሷም አታውቅ። ሰው አንዳንዴ ሲረፍድበት ነው የሚደፍረው። ሆለታ ስትደርስ ጋሽ ነገሬ በመቀስ ጽጌረዳ ይገርዛሉ። አዩዋትና መቀሱን ዝቅ አደረጉ።

«ትላንት ነበር እኮ፣ ልጄ» አሏት። «ዛሬ በማለዳ ነቀምት ሄደ።»

ግድግዳው ፊት አንድ የፕላስቲክ ወንበር ቆሟል፣ ባዶ።

«አንቺን ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቀ። የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ከመሰላል ይወርዳል። ምሳ ብላ ብለው እምቢ አለ።»

እፀገነት ቀና አለች። የድሮውን ፊት በነጭ አጥፍቶ እንደ አዲስ ስሎታል። አሁን ፊቷ ወደ ሰው ነው የሚያየው። ግን ግማሹ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቅንድብ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ የከንፈሯ እኩሌታ። ከአፍንጫዋ ወዲያ ነጭ ኖራ ነው።

«ምነው ሳትጨርሰው ብለው» አሉ ጋሽ ነገሬ፣ ድምፃቸው ቀነሰ፣ «በዚያ በኩል አይቻት አላውቅም፣ ፈጥሬ አልስልም አለኝ። ቀለሙን ሰበሰበ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት የኖረ ሰው እንኳን እንዲህ አይጠነቀቅም።»

ስልኳን አወጣችና ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እሱ እንድትቀመጥለት በፈለገው ቦታ፣ ፊት ለፊት። ያቺ አንድ ዓይን ታያታለች። እሷ መስታወት ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይን አይታ አታውቅም። ዝም ያለ፣ ሰው የሚጠብቅ፣ የሚያምር ዓይን። እንዲህ ነበርኩ እንዴ አለች በልቧ። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ወር እንዲህ እያየኝ፣ እኔ የማየው ባህር ዛፍ። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጋሽ ነገሬ አላባበሏትም። አዋቂ ናቸው፣ መቀሳቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ማዶ ሄዱ፣ የማይገረዝ ነገር ሲገርዙ ቆዩ።

እሁድ የአቶ ሀብተማርያም የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ ነበር። ማኅበርተኛው ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየዞረ ነው። የምትቀዳው እፀገነት ናት። ሳምሪ ጓዳ በር ላይ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ታጥባለች። ወሬው እንደሆነ ሌላ የለም።

«ሄደ አሉ፣ ነቀምት» አለች ወለተጻድቅ፣ ብርጭቆዋን እየዘረጋች። «ሙይልኝ እፀዬ። እንኳን ሄደ። ለሰው ልጅ አንድ ዓይን ሰጥቶ እሱ በሁለት ዓይኑ ሊኖር።»

«ግድግዳውንም ሳይጨርስ ነው የሄደው» አለ አንዱ። «ሥራ የማይጨርስ ሰው ትዳር ይጨርሳል?»

«ወጣት ናት፣ ሌላ ይመጣል» አለች ሌላዋ።

«ወጣት እንኳን…» አለች ወለተጻድቅና ዳቦዋን ነከሰች። ተሳቀ።

እፀገነት ሞልታ አለፈች። ቀጥሎ ላለው ሞላች። ጠላው አልፈሰሰም።

«ነገሩ የእምነት ብቻ አይደለም» አሉ አቶ ሀብተማርያም፣ ፂማቸውን እየዳበሱ። «እኔን ያስቆጣኝ ማየት አለማወቁ ነው። ሠዓሊ ነኝ ይላል፣ ሰው ፊት ላይ ያለውን ነገር ማየት ካልቻለ ምኑን ሠዓሊ ሆነ? እኔ ልጄን አንድ ጊዜ አይቼ የሆዷን አውቃለሁ።»

«እውነት ነው» አሉ። «አባት አይደሉ» አሉ።

ሳምሪ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እጇን በጨርቅ አደራረቀችና መሃል ቤት ገባች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እዚህ ቤት አስራ ሁለት ሰው ነው የተቀመጠው፣ አባባ» አለች። «ሃያ አራት ዓይን ማለት ነው። ይህቺ ልጅ ከገባችሁ ጀምሮ እንባዋ እየወረደ ነው የምትቀዳላችሁ። እስቲ ያያት እጁን ያውጣ።»

እጅ ያወጣ የለም። ብርጭቆ ያነሳም የለም።